ተዝካሯ የተበላላት ይርጋነሽ

ይርጋነሽ በቁሟ ተዝካሯን ስታወጣ ጠላውን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ናት፤ ቤቷን ከቤቴ የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። ዘመኑ 1997 ዓ.ም.፣ ወሩ ግንቦት ነበር።

የቁም ተዝካር በእኛ በብቸና አዲስ ነገር አይደለም። ወራሽ የሌለው፣ ወይም ወራሹን የማያምን ሰው፣ ሳይሞት ካህናቱን ጠርቶ፣ ደግሶ፣ ጎረቤቱን አብልቶ ይገላገላል። ይህን የሚያደርጉት ግን ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሌዎች ናቸው። ይርጋነሽ ገና አርባ አራት ዓመቷ ነበር። ባሏ ፋንታ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ በብቸናና በሞጣ መካከል ሲመላለስ ኖሮ፣ ከስቶ ከስቶ ሞተ። በዓመቱ ደግሞ በስንት ስለት ያገኘቻት ልጇ ውበቴ፣ አራት ዓመት ሳይሞላት ተከተለችው። ያኔ የበሽታው ስም የሚጠራው በሹክሹክታ ነበር። ይርጋነሽም ሳል ጀመራት። ጸበል ተጠመቀች፤ አልተሻላትም። ጌሾ የምትሸጥበትን መደብ ለሌላ ሰው ለቀቀች። በመጨረሻ የቀራትን ጌሾና አንዲት ላሟን ሸጣ ተዝካሯን አወጣች።

በዳሱ ጥግ በጋቢ ተጠቅልላ፣ ሰው ሲበላላት ታይ ነበር። እሷን ቀና ብሎ የሚያይ ግን አልነበረም። ሁሉም ወደ ሌማቱ አቀርቅሮ ይጎርሳል። አንድ ከገጠር የመጣ ዘመዷ ዋንጫውን ጨርሶ ሲነሣ፣ ልማድ ሆኖበት «እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር» አለ። ከጥግ አንድ ቀጭን ድምፅ «አሜን» አለ። ይርጋነሽ ነበረች። ጠላውን በቄሱ ጉልበት ላይ አፈሰስኩት።

ከዚያ በኋላ ሞቷን ስንጠብቅ፣ ሳትሞት ክረምቱ አለፈ። የዕድሜ ማራዘሚያ የሚባለው መድኃኒት በነጻ ይሰጣል መባሉንም ሰማን። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የሚያጠኑ ሰዎች ከሩቅ መጡ። መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ሆኖ አንድ ላይ የሚዋጥ ነው፤ እነሱ የሚያጠኑት የትኛው ድብልቅ ለሰዉ ይበልጥ እንደሚስማማ ነበር። ቢሯቸው ሞጣ ነው። በወር አንድ ጊዜ ወደ ብቸና የምትመጣው እፀገነት የምትባል ነርስ ነበረች፤ ቀጭን፣ ጫማዋን በር ላይ ሳትጠርግ የማትገባ ልጅ።

ይርጋነሽን ደግፌ ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ስለሆንኩ ነርሷ ስታስረዳት ሰምቻለሁ። ሁለቱ መድኃኒት ለሁሉም ሰው አንድ ነው። ሦስተኛው ይለያያል፤ ለአንዱ ወገን ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ነው፣ ለሌላው ወገን ማታ ብቻ የሚዋጥ ቢጫ ኪኒን ነው። ለማን የትኛው እንደሚደርስ በዕጣ ይለያል። ካልፈለገች ጥናቱ ውስጥ የመግባት ግዴታ የለባትም፤ ገብታም ስትፈልግ መውጣት ትችላለች።

«ዕጣውን የሚያወጣው ማነው?» አለች ይርጋነሽ።

«ኮምፒውተር ነው፣ እትዬ።»

«ኮምፒውተሩንስ የሚያዘው?»

ሲስተር እፀገነት ሳቀች። «እሱን እንኳ እኔም አላውቅ።»

ዕጣዋ ቢጫው ሆነ። ነርሷ ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ራስ ማዞር፣ ሽፍታ፣ ሕልም መብዛት። ይርጋነሽ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። የሰማችው አይመስለኝም። ዐይኗ የኪኒኑ ዕቃ ላይ ነበር።

መድኃኒቱ አነሣት። በመጀመሪያ እህል አስበላት፣ ቀጥሎ ሳሉ ተዋት፣ ከዚያ ጉንጯ ሞላ። በየማታው ከአጥሩ ወዲያ የጣሳዋን ድምፅ እሰማለሁ፤ ኪኒኑን ውጣ ጣሳውን ድንጋይ ላይ ስታስቀምጠው ነው። በቀጣዩ መስከረም መደቧን መልሳ ይዛ ጌሾ መሸጥ ጀመረች።

ገበያው ግን አልተቀበላትም። ሰዉ ተዝካሯን በልቷል። የተበላላት ሰው ቆማ ጌሾ ስትሰፍር ሲያይ ይሸሻል። የይርጋነሽ ጌሾ ጠላ አያፈላም ተባለ። ከጎኗ የምትሸጥ አንዲት ምላሰኛ «ምነው ይርጋ፣ ወዲያ ማዶ ገበያ የለም እንዴ?» አለቻት።

«አለ» አለች ይርጋነሽ፣ «ጌሾ ጠፍቶ ልወስድ መጣሁ።»

ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ።

አንድ ቀን ደግሞ ጥቁር ነጠላ የለበሰች ሴት ጌሾ የምትገዛ መስላ ቀረበቻት። ቅጠሉን ጨበጥ ለቀቅ እያደረገች ጎንበስ ብላ «ልጄን አየሽው?» አለቻት።

«ማንን?»

«ኃይለ ጊዮርጊስን። በጥምቀት ማግስት ነው የሄደ። ጠይም ነው፣ ጥርሱ ፍንጭት።»

ይርጋነሽ ይህን ስትነግረኝ ምን እንደመለሰችላት ጠየቅኳት።

«ደህና ነው አልኳት፣ እትዬ። ምን ልበላት?»

ሕልሙ ኪኒኑን ከጀመረችበት ሳምንት አንሥቶ ይመጣባት ነበር፤ ለእኔ የነገረችኝ ግን ከብዙ ወር በኋላ ነው። ጌሾ ስታበጥር አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። እጇን ሳታቆም እንዲህ አለችኝ፦

«ዳስ ነው፣ እትዬ። ቀን ነው፣ ፀሐይ አለ። ሰዉ በረድፍ ተቀምጦ ሌማት ቀርቦለታል። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉም የሞቱ ናቸው። እናቴ አለች። ፋንታ ከበሩ ቆሞ እንደ ድሮው እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ግራሶው አይለቅለትም። ምንም ድምፅ የለም። ዝንብ እንኳ የለም። ድግስ ላይ ዝንብ ጠፍቶ አይተው ያውቃሉ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«ውበቴ ከመካከል ተቀምጣለች። ጸጉሯን እኔ እንደምሠራት ተሠርታለች። ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ መታ መታ እያደረገች፣ እማ ነይ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ ትለኛለች። በየማታው እትዬ። ነቅቼ እንኳ ድምፅዋ ጆሮዬ ውስጥ ይቆያል።»

ለነርሷ ነግራት እንደሆነ ጠየቅኳት። ሲስተር እፀገነት በየወሩ «ሕልም ያስቸግርዎታል?» ትላታለች፤ እሷም «የለም» ትላለች።

«ለምን ትደብቂያታለሽ?»

«ሕልም እኮ የካህን ነው፣ እትዬ። እሷ ደም የምትቀዳ ልጅ ናት፤ የሙታንን ነገር ምን ታደርገዋለች?»

ወደ እማሆይ አመተ ሥላሴ ሄደች። እማሆይ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው፤ ሕልም ይፈታሉ ተብሎ ሰው ከሩቅ ይመጣላቸው ነበር። አብሬያት ሄጄ ከበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እማሆይ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ልጄ» አሏት፣ «ይኼ የሚያስፈራ አይደለም። ተዝካርሽ ተበልቷል። እዚህ የበላነው መዓድ ወዲያም ቀርቧል ማለት ነው። እንግዳው ተሰብስቧል። ባለ ድግሷ ሳትመጣ ማን እጁን ይሰዳል? አንቺ በኪኒን ቀጠሮ ታራዝሚያለሽ፤ እነሱ ሌማት ፊት ተቀምጠው ይጠብቁሻል።»

«አይበሉም ማለት ነው?»

«እንዴት ብለው ይበላሉ?»

እማሆይ ክፉ ሴት አልነበሩም። የሚያምኑትን ነው የነገሯት። ነገሩ ግን ይርጋነሽን የሚያማት ቦታ ላይ አገኛት። በእኛ አገር እንግዳ ተሰብስቦ ባለቤት ከጠፋ ነውሩ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ተመልሰን ከቁልቋሉ አጥር ስንደርስ ቆመች።

«ውበቴ ርቧት ነው ለካ የምትጠራኝ» አለች።

ከዚያን ቀን ማታ ጀምሮ የጣሳዋ ድምፅ ቀረ። በመጀመሪያ ያልሰማሁ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን በአጥሩ ቀዳዳ «ይርጋ፣ ኪኒኑን ዋጥሽ?» አልኳት።

«ተውኩት፣ እትዬ።»

«ኧረ በማርያም! ትሞቻለሽ እኮ!»

«እርስዎ ልጅዎን አስርበው አስጠብቀው ያውቃሉ?»

ድሮም ለክርክር አልተፈጠርኩም። ወደ ቤቴ ገባሁ።

ሁለት ሳምንት እንደሆነ ሕልሙ ቆመ። እኔ እፎይ አልኩ። እሷ ግን የባሰ ነገር አሰበች። «ዳሱም የለም፣ ሰዉም የለም» አለችኝ፣ «መጠበቅ ሰልችቷቸው ተነሥተዋል። ሊወስዱኝ መንገድ ጀምረዋል።» ከዚያ ወዲያ በሯን ሳትዘጋ ማደር ጀመረች። ጠዋት ስመጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ መደቡ ተጠርጎ፣ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎበት አገኘዋለሁ። የውበቴን ትንሿን በርጩማ ከሰቀለችበት አውርዳ ከመደቡ አጠገብ አኑራታለች። እሷ ከአልጋዋ ላይ ወደ በሩ ዞራ ትተኛለች። አንድ ጠዋት እግሬን ሰምታ «ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» አለች። እኔ መሆኔን ስታይ ፊቷ ላይ ያየሁት ቅሬታ እስካሁን አይረሳኝም።

ሳሉም ተመለሰ። ክረምቱ ገብቶ ነበር። ሲስተር እፀገነት በሐምሌ ስትመጣ ይርጋነሽ አልሄደችም፤ ሄጄ የነገርኳት እኔ ነኝ። «ኪኒኑን ትታለች፤ ሙታን ይጠሩኛል ትላለች» አልኳት። ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ።

«ምን ዓይነት ነው የምታየው?»

«ከራሷ ብትሰሚው ይሻላል።»

«እንግዲያው በሳምንቱ ሞጣ ይዘዋት ይምጡ። ደሟም መታየት አለበት። እባክዎን፣ እንዳይቀሩ።»

ይርጋነሽ አልሄድም ትላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ቶሎ እሺ አለች። የቀረውን ኪኒን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «እኔም ልመልስላቸው አስቤ ነበር፤ የሰው ዕቃ ይዤ አልሞትም» አለችኝ።

በሚኒባስ ሄድን። ደብረ ወርቅን ስናልፍ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ዛፍ እንኳ አይታይም ነበር። ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ይሄዳል፤ ከጉሙ ውስጥ ድንገት ነጠላ የለበሰ ሰው ይወጣል፣ ያልፈናል፣ ይጠፋል። ይርጋነሽ እያንዳንዱን አንገቷን እያዞረች ታያለች። ማንን እንደምትፈልግ አውቅ ስለነበር አልጠየቅኳትም። ግንደወይን ላይ ሻይ ጠጣን፤ እሷ ግን አልነካችውም።

ሞጣ የጥናቱ ቢሮ በረንዳ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ብዙ ሰው ተቀምጦ ተራ ይጠብቃል። ከጎናችን ስጦታው የሚባል፣ መናኸሪያ ዕቃ በመሸከም የሚኖር ሰው ነበር። አፉ አያርፍም። የይርጋነሽን ቋጠሮ አየና «እህቴ፣ ዳቦ ቆሎ ከሆነ አካፍይን» አላት።

«ኪኒን ነው። ልመልሰው ነው።»

«እንዴ! አልጣመሽም?»

ስጦታው ጎንበስ ብሎ «ቢጫው ነው?» አለ፣ ድምፁን ቀንሶ። «እህ። አንቺም ይመጡብሻል?»

ይርጋነሽ ፊቷን አዞረች። «እነማን?»

«እኔ ጋማ በየማታው ነው። አባቴ አለ፣ ከሞተ ሃያ ዓመቱ። አጎቶቼ አሉ። መናኸሪያ ቆመው አውቶቡስ ይሳፈራሉ። መናኸሪያው ጭር ያለ፣ ወያላ የለ፣ ጩኸት የለ። ከመስኮት ብቅ ብለው፣ ስጦታው፣ ወንበር ይዘንልሃል፣ ና ይሉኛል።»

ይርጋነሽ ክንዴን ያዘችኝ። ጥፍሯ ገባኝ።

«ተዝካርህ ተበልቷል?» አለችው።

«የኔ?» ስጦታው ሳቀ፤ አግዳሚው ተነቃነቀ። «የኔን ተዝካር ማን ሊያወጣው! እኔ ብሞት የሚያለቅስልኝ የመናኸሪያው ጥሩምባ ነው። ተዝካር አለች! ሰምታችኋል?»

«ታዲያ ለምን ይጠሩሃል?»

«ይጠሩኝ እንጂ ምን አውቃለሁ። ደግሞ ጉዱን ስሚ፤ ከነሱ ጋር ጓዴ የሚባል አብሮኝ የሚሸከም ልጅ ተሳፍሯል። ጓዴ እኮ አልሞተም! ዛሬ ጠዋት ሻይ ጋብዞኝ ነው የመጣሁ። ትናንት ማታ አውቶቡስ ውስጥ አይቼሃለሁ ብለው ሊደበድበኝ ነበር።»

ይህን ጊዜ ከወዲያ በኩል ያለ አንድ ገበሬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔን የሞተው በሬዬ ነው የሚያናግረኝ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ስሜን ያውቃል።» አንዲት ወጣት ደግሞ በየማታው ውኃ ጉድጓድ ውስጥ ሆና ከላይ የሚያዩዋትን ሰዎች እንደምትቆጥር ተናገረች። እንዲህ እያለ ሄደ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፤ ሁሉም ወለሉን እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ይመታል። ጠዋትና ማታ የሚውጡት ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር።

«እናንተስ?» አላቸው ስጦታው።

«እኛ ምንም አናይ» አለ አንዱ። ትንሽ ቅር ያለው ይመስል ነበር።

ይርጋነሽ ክንዴን ለቀቀች። ደስ ይላታል ብዬ ፊቷን አየሁ። እንባዋ እየወረደ ነበር።

«እንግዲያው ውበቴ አልነበረችማ» አለች።

ተራዋ ደርሶ ገባን። ቋጠሮዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሁሉን ለሲስተር እፀገነት ነገረቻት፤ ዳሱን፣ ሌማቱን፣ የልጇን እጅ። ሲስተር እፀገነት ሰምታ ስትጨርስ «ይኼን ሁሉ ጊዜ ለምን ደበቁኝ፣ እትዬ? ከመጀመሪያው ነግሬዎት ነበር እኮ» አለች።

«ሕልም ይበዛል አልሽኝ እንጂ፣ ሙታን ይመጣሉ መቼ አልሽኝ?»

ነርሷ አቀርቅራ ጻፈች። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ፣ ሕልሙን የሚያመጣው ቢጫው ኪኒን እንደሆነ፣ ብዙውን ሰው በሳምንታት ውስጥ እንደሚተወው፣ አንዳንዱን ግን እንደማይለቅ አስረዳቻት። ደሟ ተወሰደ፤ ውጤቱ እስኪደርስና ነርሷ ከዶክተሩ ጋር ተነጋግራ እስክትመለስ ጠበቅን። መድኃኒቱ ገና አልከዳትም፤ አሁን ወደ ኪኒኑ ካልተመለሰች ግን በሽታው ይለምደዋል፣ ከዚያ በኋላ አይሠራላትም ተባለ።

«ሕልሙ እንዲህ ካስቸገረዎት ግድ የለም» አለች ሲስተር እፀገነት፣ «ከዶክተሩ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ቢጫውን ትተን በሌላኛው እንቀይርልዎታለን። ያኛው ሰላም ነው።»

«ያኛው ዳሱን አያሳይም?»

«አያሳይም።»

«ውበቴም አትመጣም?»

ሲስተር እፀገነት እኔን አየችኝ። እኔ ጣቶቼን አየሁ።

«አትመጣም፣ እትዬ።»

ውጭ ስጦታው አንዱን ሲያበሽቅ ይሰማል። ይርጋነሽ ቋጠሮዋን ወደ ራሷ ሳበችና ፈታችው።

«አትቀይሪብኝ» አለች።

«እትዬ ይርጋነሽ፣ እሷ እኮ ልጅዎ አይደለችም።»

«አውቃለሁ። ባትሆንም ትምጣ።»

«መልሰው ደግሞ ቢተዉትስ? ነይ እያሉ ሲጠሩዎት?»

«አልተወውም። እስካሁን የፈራሁት ርቧታል ብዬ ነው። ካልራባት ትቆየኝ። እሷ ትምጣ እንጂ እኔ አልሄድም።»

ሲስተር እፀገነት ብዕሯን አነሣች። «ምን ብዬ ልጻፈው?» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ።

«ተስማምቷታል ብለሽ ጻፊ» አለች ይርጋነሽ።

የዚያን ቀን መኪና ስላላገኘን ሞጣ አደርን። ገና ሳይመሽ ኪኒኗን ዋጠች። ከአልጋዋ ጫፍ ላይ፣ ለመውደቅ ትንሽ ሲቀራት ተኛች፤ በግድግዳው በኩል ያለውን ቦታ በሙሉ ለቃ። ሕፃን ልጅ እንዳይወድቅ በዚያ በኩል ነው የሚያስተኙት። እኔ በሌላው አልጋ ላይ ሆኜ ጀርባዋን እያየሁ ጸሎቴን አደረስኩ።

ከዚያ ወዲህ አሥር ዓመት አልፏል። ጥናቱ አልቆ ሰዎቹ ሄደዋል፤ ይርጋነሽ መድኃኒቷን እንደ ማንም ከጤና ጣቢያው ትወስዳለች። አንድም ማታ አልዘለለችም። ጌሾዋን ሰዉ መግዛት ጀምሯል፤ ተዝካሯን የበሉት ብዙዎቹ ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አያውቁም። ሕልሙ ሌላውን ሰው ሁሉ ተወው፤ ስጦታውንም ትቶታል ይባላል። እሷን ግን አልተዋትም።

ባለፈው ሳምንት ከበሬ ላይ ተቀምጣ ሳለች ጠየቅኳት። «ይርጋ፣ አሁንም ትመጣለች?»

«ትመጣለች።»

«ያው እንደ ድሮዋ?»

ወደ መንገዱ አየች። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጃገረዶች ያልፉ ነበር።

«የለም» አለች፣ «አድጋለች። ዘንድሮ ቁመቷ ከኔ እኩል ሆኗል። አንዳንድ ጊዜ ስትገባ ማን እንደሆነች ጠፍቶኝ እደነግጣለሁ፣ እትዬ።»